ልባቸው ቆሞ የተመለሱ ሰዎች የሚናገሩት፦ በምን ይለካል፣ የቱ ላይ ይሰናከላል?

#1 ሰናይት_መ

ሰላም ለሁላችሁ። «ሞቼ ሰማይ ቤት ደርሼ መጣሁ»፣ «ሲኦልን አይቼ ተመለስኩ» የሚሉ ቪዲዮዎች በየሳምንቱ ይለጠፋሉ። ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ «አሜን»፣ ወይ «ውሸታም»። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ቆሞ በተመለሱ ሰዎች ላይ በወጉ የተሠራ ጥናት አለ? ማን ተጠየቀ፣ መቼ ተጠየቀ፣ ምን ተለካ? ከጣሪያ ሥር ሥዕል ደብቀው ፈትነዋል የሚባለውስ እውነት ነው? ምስክርነት አትለጥፉብኝ፤ አሠራሩን የምታውቁ ጻፉልኝ።

#2 ጽኑ_ክፍል

የሥዕሉ ነገር እውነት ነው፤ እመጣበታለሁ። በፊት ግን ልብ ሲቆም ምን እንደሚሆን ካልተግባባን የቀረው ሁሉ ይምታታል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን የለውም። ስለዚህ ልብ በቆመ በ10 ሰከንድ አካባቢ ሰውየው ራሱን ይስታል። ኢኢጂ፣ ማለትም ራስ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የሚነበበው የአንጎል ሞገድ፣ በ20 ሰከንድ ገደማ ወደ ቀጥታ መስመር ይወርዳል። ሴሎቹ ያኔ ሥራ አቆሙ እንጂ አልሞቱም፤ ጉዳቱ የሚከማቸው በደቂቃዎችና በሰዓታት ነው። ደረት መጫን የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየመሀሉ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው እንዲመለስ እጅን እያላሉ። በደንብ ከተጫነ፣ ልብ በጤናው ጊዜ ከሚረጨው ደም ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ይዘዋወራል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ልቡ በራሱ ሳይመታ፣ በመጫኑ ብቻ ዓይኑን የሚገልጥ፣ የሐኪሙን እጅ የሚገፋ ሕመምተኛ ያጋጥማል። መጫኑ ሲቋረጥ መልሶ ይዝላል። እንግዲህ «ልቤ ቆሞ እሰማ ነበር» ያለ ሁሉ አንጎሉ ጭራሽ ደም አጥቶ ነበር ማለት አይደለም። ቪዲዮዎቹ ላይ ይህን የሚጠይቅ አልታየም።

#3 ቁጥር_ይናገር

ስለ መለኪያው ልጨምር። ሬይመንድ ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1975 «የሞት አፋፍ ገጠመኝ» የሚለውን ነገር በሰፊው ካስተዋወቀ በኋላ ሁሉም የየራሱን ታሪክ በዚያ ስም መጥራት ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ብሩስ ግሬይሰን በ1983 መስፈሪያ አወጣለት። 16 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ነጥብ አለው፤ ጣሪያው 32። 7ና ከዚያ በላይ ያገኘ ይቆጠራል። ጥያቄዎቹ አራት አራት ሆነው በአራት ምድብ ተቀምጠዋል፦ ስለ ሐሳብ (ጊዜ ፈጠነ ወይ? ያለፈው ሕይወትህ ታየህ ወይ?)፣ ስለ ስሜት (ሰላም፣ ደስታ፣ ብርሃን)፣ ከተለመደው ስለ ወጣ ነገር (ከሥጋህ ተለየህ ወይ?)፣ ስለ ሌላ ዓለም (የሞቱ ሰዎች አገኘህ ወይ? ከተሻገርኩት አልመለስም ያልከው ድንበር ነበር ወይ?)።

በ16ቱ ውስጥ፣ ብዙዎች «በጨለማ ዋሻ አልፌ ወደ ብርሃን ሄድኩ» ስለሚሉት ዋሻ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሕዝቡ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋሻውን ነው!

መስፈሪያው የሚለካው ትዝታው ምን እንደሚመስል ነው። ሰውየው ሞቶ እንደ ነበር አይለካም። ለንደን የሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ በ2018 ባወጣው ጥናት 13 ጤነኛ ፈቃደኞች ዲኤምቲ የተባለውን ቅዠት አምጪ ቅመም በደም ሥራቸው ወሰዱ፤ 13ቱም በግሬይሰን መስፈሪያ «ገጠመኝ» የሚያሰኘውን ነጥብ አገኙ። ልቡ የቆመ ማንም አልነበረም።

#4 ሰናይት_መ

ግልጽ ነው። ከስንት ሰው ስንቱ ነው እንዲህ የሚለው? ጽኑ_ክፍል፣ ሥዕሉንም እየጠበቅሁ ነው።

#5 ጽኑ_ክፍል

ከሆላንድ ልጀምር። የልብ ሐኪሙ ፒም ቫን ሎመልና ባልደረቦቹ በ10 ሆስፒታሎች ልባቸው ቆሞ የተመለሱ 344 ሰዎችን በተከታታይ ጠየቁ። ወሬ ያለውን እየመረጡ ሳይሆን የተረፈውን ሁሉ ማለት ነው፤ የጥናቱ ጥንካሬም ይኸው ነው። በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። 62ቱ፣ 18 በመቶ፣ የሚያስታውሱት ነበራቸው። 82 በመቶው ምንም። ልቡ ምን ያህል ደቂቃ እንደ ቆመ፣ ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠ፣ ሰውየው ሞትን ይፈራ እንደ ነበር ሁሉ ተመዘነ፤ ማን እንደሚያይና ማን እንደማያይ አልለየም።

አሁን ሥዕሉ። ሳም ፓርኒያ የመራው ጥናት ነው፤ መረጃው ከ2008 እስከ 2012 ተሰብስቦ በ2014 ታተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ «ከሥጋዬ ወጥቼ ከላይ ሆኜ አየሁ» የሚል ካለ፣ ከላይ ብቻ የሚታይ ነገር እናስቀምጥለት። ልብ መቆም ይበዛባቸዋል በተባሉት ክፍሎች፣ ማለትም በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ 1000 ያህል መደርደሪያ ተሰቀለ። ሥዕሉ ያለው በላይኛው ገጽ ስለሆነ ወለል ላይ የቆመ አያየውም።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚያልቅ ተመልከቱ። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በኦስትሪያ በ15 ሆስፒታሎች 2060 የልብ መቆም ተመዘገበ። በሕይወት የወጡት 330። ሊጠየቁ የቻሉትና የፈቀዱት 140። ሙሉ ቃለ መጠይቁን የጨረሱት 101። ከእነዚህ 9 በመቶው መስፈርቱን አሟሉ፤ በዙሪያቸው የሆነውን «አየን፣ ሰማን» ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ሕመም ስለ ጠናበት ጠለቅ ተብሎ አልተጠየቀም። ሌላው የ57 ዓመት ሰው ነው፦ ክፍሉ ውስጥ የነበረ መላጣ ሰው ምን ለብሶ እንደ ነበር፣ የልብ ማስደንገጫው ማሽን በአውቶማቲክ ድምፅ ምን እንዳዘዘ ተናገረ፤ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ሲያዝ ሰምቷል። በሁለት ትእዛዝ መካከል ማሽኑ ከሚወስደው ጊዜ ተነሥተው እስከ 3 ደቂቃ ንቁ ነበር ብለው ገመቱ።

ሥዕሉንስ? ሰውየው የነበረበት ክፍል መደርደሪያ አልነበረውም። ከልብ መቆሞቹ 78 በመቶው የደረሰው መደርደሪያ በሌለበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ፈተናውን አለፈ» የሚለውም «ወደቀ» የሚለውም አያውቅም፤ ፈተናው ጭራሽ አልተካሄደም።

#6 በላይነህ_ጠ

በ3 ደቂቃው አትለፉት፣ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞስ ፓም ሬይኖልድስ በሚል ስም ለታወቀችው ሙዚቀኛ ምን ትላላችሁ? 1991፣ አሪዞና፣ ፊኒክስ፣ ባሮ የነርቭ ተቋም፤ ቀዳጁ ሐኪም ሮበርት ስፔትዝለር። አንጎሏ ሥር ያበጠውን ደም ሥር ለመጠገን ሰውነቷ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ፣ ልቧ ቆሞ፣ ከራሷ ደሙ ተንጠፍጥፎ ነበር። ዓይኗ በፕላስተር ተዘግቷል። ጆሮዋ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ማዳመጫ ተሰክቷል። ሆኖም ራስ ቅሏን የከፈተው መጋዝ የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ እንደሚመስል፣ አንዲት ሐኪምም ብሽሽቷ ላይ ያለው ደም ሥር ጠባብ ነው ስትል እንደ ሰማች ተናግራለች። ይህን በማደንዘዣ ታስረዱታላችሁ?

#7 አልፋ_ሞገድ

በላይነህ፣ ዝርዝሩ ልክ ነው፤ ሰዓቱን ግን ከቀዶ ጥገናው መዝገብ ጋር አስተያየው። መጋዙ የሠራውም፣ ስለ ደም ሥሩ የተወራውም ማቀዝቀዙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያኔ ልቧ ይመታል፣ አንጎሏ ደም ያገኛል፣ ያለችው በማደንዘዣ ውስጥ ነው። በማደንዘዣ ውስጥ መንቃት ከ1000 ሰው በ1 ወይም በ2 ይደርሳል ተብሎ የተመዘገበ ችግር ነው። የመጋዝ ንዝረትም በራስ ቅል አጥንት በኩል ሊሰማ ይችላል። የመጋዙን ቅርጽ እንዴት አወቀችው የምትለኝ ከሆነ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ስለ ማደንዘዣ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ቀጥታ መስመር በታየበት ሰዓት ስለሆነው ነገር የተናገረችውና ሌላ ሰው ያረጋገጠው ዝርዝር የለም።

የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ነው። ትዝታ ሰዓት ተጽፎበት አይመጣም። ልቡ ቆሞ የተመለሰ ሰው ትዝታው የተቀረጸበት ሦስት ጊዜ ሊኖር ይችላል፦ ራሱን ከመሳቱ በፊት ባሉት ሰከንዶች፤ ደረቱ እየተጫነ ጥቂት ደም ባለበት ጊዜ፤ ወይም ልቡ ተመልሶ አንጎሉ ቀስ በቀስ ሲነቃ። አራተኛው፣ ማለትም አንጎል ሙሉ በሙሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት የሚለው፣ እነዚህ ሦስቱ በማስረጃ ሲወገዱ ነው ተራው የሚደርሰው። የኋለኛው መስኮት ደግሞ ሰፊ ነው፦ የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ቀናት በማስታገሻ ተኝቶ ይቆያል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቅዠት የተለመደ ነው፣ የሚጠየቀውም ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ለበላይነህ የሚያደላ ነጥብ አለ። ኦክስጅን ሲያጥር ቀድሞ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ አዲስ ትዝታ የሚቀርጸው እሱ ነው። ከዚያ ላይ ሚዳዞላም የመሰለ ማስታገሻ ትዝታ ያጠፋል። ስለዚህ 82 በመቶው ምንም አላስታወሰም ማለት ምንም አላየም ማለት አይደለም፤ አይቶም ሊረሳ ይችላል። ጥናቶቹ የሚቆጥሩት ያስታወሰውን ብቻ ነው።

ዋሻውን በአጭሩ፦ ተዋጊ ጀት አብራሪዎችን በሚያሽከረክረው ማሽን ውስጥ ደም ከራስ ወደ እግር ሲወርድ ቀድሞ የሚጨልመው የዓይን ዳርቻ ነው፤ መሀሉ ብርሃን ሆኖ ይቀራል። የዓይን ኳስ የራሱ ውስጣዊ ግፊት ስላለው ደም ሲደክም ከአንጎል ቀድሞ ይራባል። ይህ ዋሻውን ያስረዳል። የሞተች እናትን ማግኘትን አያስረዳም፣ እንዲያስረዳም አይጠበቅበትም።

#8 ሰናይት_መ

«ሰው ሲሞት አንጎሉ የመጨረሻ ብልጭታ ያሳያል» የሚለው ዜናስ?

#9 አልፋ_ሞገድ

ከአይጥ ነው የተጀመረው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ጂሞ ቦርጂጊን፣ 2013፣ 9 አይጦች። ልባቸው በቆመ 30 ሰከንድ ውስጥ ጋማ የተባለው ፈጣን ሞገድ ከንቃት ጊዜው በላይ ተቀናጅቶ ታየ። በ2023 ያው ቡድን መተንፈሻ ማሽን የተነቀለላቸውን 4 ሰዎች መዝገብ መርምሮ በ2ቱ ላይ የጋማ ጭማሪ አገኘ። ሁለቱም የሚጥል በሽታ ታሪክ ነበራቸው። አራቱም ሞተዋል፤ ምን እንዳዩ የሚነግረን የለም። ስለዚህ «ብልጭታው ገጠመኙ ነው» የሚለው አርእስት ከመረጃው ቀድሞ ሮጧል።

የተሻለው የፓርኒያ ሁለተኛ ጥናት ነው፤ በ2023 ወጣ። መደርደሪያውን ትተው ዕቃውን ወደ ሕመምተኛው ወሰዱት። ልብ ቆመ የሚል ጥሪ ሲመጣ የሠለጠነ ሰው ታብሌት፣ ማዳመጫ፣ ኢኢጂና የአንጎል ኦክስጅን መለኪያ ይዞ ይሮጣል፤ ደረት የሚጫነውን ሳያውክ ይገጥመዋል። ታብሌቱ ሥዕል ያሳያል፤ ማዳመጫው የሦስት ፍራፍሬ ስም ይደጋግማል፦ ፖም፣ ፒር፣ ሙዝ። 25 ሆስፒታሎች፣ 567 የልብ መቆም፣ የተረፉ 53፣ የተጠየቁ 28። ከ28ቱ 11ዱ አንድ ዓይነት ትዝታ ነበራቸው፤ 6ቱ የተሟላ ገጠመኝ አወሩ። ሥዕሉን ያወቀ የለም። ፍራፍሬዎቹን በትክክል የጠራ አንድ ሰው አለ፤ ሦስት ፍራፍሬ ጥራ ቢባል ፖምና ሙዝ ማንም አፉ ላይ የሚመጡለት ስለሆኑ እኔ በዚያ አልደነቅም። ፈታኞቹ እምብዛም የማይገመት ቃል ቢመርጡ ይሻል ነበር።

የሚገርመው ግን ኢኢጂው ነው። የአንጎል ኦክስጅን በአማካይ 43 በመቶ ብቻ በነበረበት፣ ደረት መጫን ከተጀመረ ከ35 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ ለንቃት የሚቀርቡ ሞገዶች ብቅ አሉ።

#10 በላይነህ_ጠ

ታዲያ ይህ አያስረዳም? አንጎል ይነቃል፣ ሰውየው ያያል፣ ትዝታውም እውነተኛ ነው።

#11 አልፋ_ሞገድ

ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። ከተጠየቁት 28 ሰዎች ውስጥ ኢኢጂ የነበራቸው 2 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ትዝታ ካላቸው መካከል አይደሉም። ሞገዱ ከአንዱ፣ ታሪኩ ከሌላው። ሞገድም ትዝታም ያለው አንድ ሰው እስኪገኝ ማገናኘቱ ግምት ነው። ደግሞ ቢገናኝ ነገሩ ወደ ማን እንደሚያደላ አስብበት፤ ሲያይ አንጎሉ እየሠራ ነበር ማለት ይሆናልና።

#12 የቅኔ_ቤት_ልጅ

ስለ እምነቱ ወገን ጥቂት፣ ቪዲዮዎቹ በቤተ ክርስቲያን ስም ስለሚለጠፉ። በተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ከትንሣኤና ከፍርድ በኋላ ናቸው። እንግዲህ «መንግሥተ ሰማያትን ገብቼ ጎበኘሁ» የሚል ምስክርነት ከሳይንሱ በፊት ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል። አልዓዛር አራት ቀን በመቃብር ቆይቶ ተነሥቷል (ዮሐ. 11)፤ ምን እንዳየ ወንጌሉ አንዲት ቃል አልጻፈም። ጳውሎስም እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲጽፍ (2 ቆሮ. 12) የሰማው ለሰው የማይነገር ነው ብሎ ያልፋል። ፍትሐቱ፣ ሣልስቱ፣ አርባውና ሰማንያው ለሞተው ነው፤ ከሐኪም ቤት ተመልሶ ለመጣ ሰው ታሪክ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ የተዘጋጀለት አላየሁም።

#13 ኢብኑ_ሰዒድ

በኛም ያው ነው። ሱረቱል ሙእሚኑን 99 እና 100 ላይ፣ ሞት የመጣበት ሰው መልሱኝ ቢል እንደማይመለስ፣ ከበስተኋላው እስከ ትንሣኤ ቀን በርዘኽ፣ ማለትም ግርዶሽ፣ እንዳለ ተነግሯል። ስለዚህ የተመለሰ ሰው በሸሪዓው ሚዛን በርዘኽን አልተሻገረም። ያየው ነገር ሩእያ (ሕልም መሰል ራእይ) ሊሆን ይችላል፤ ሟቹን በመቃብር ከሚጠይቁት መላእክት ከሙንከርና ነኪር ጥያቄ ጋር ማምታታት ግን ልክ አይመስለኝም።

#14 ቁጥር_ይናገር

ባህሉ ይዘቱን እንደሚቀርጽ የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። ሳትዋንት ፓስሪቻና ኢያን ስቲቨንሰን በ1986 ከሕንድ 16 ሰዎችን አጠኑ። እዚያ የሚወስዱህ የሞት አምላኩ የያማ መልእክተኞች ናቸው፤ መዝገብ የያዘ ሰው ፊት ትቀርባለህ፤ መዝገቡ ሲገለጥ «የተሳሳተ ሰው ነው ያመጣችሁት» ተብሎ ትመለሳለህ። አሜሪካዊው ደግሞ የሚመለሰው «ጊዜህ አልደረሰም» ተብሎ ወይም ለልጆቹ ብሎ ነው። ስለዚህ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚያየው» የሚለው መከራከሪያ ሲለጠፍ ይህን አስታውሱ። የጋራ የሆነ ነገር የለም እያልኩ አይደለም፦ ሌላ ቦታ መሄድ፣ መመለስ በሁለቱም አለ።

ለ«ሲኦል አየሁ» ባዮችም፦ አስፈሪው ዓይነት በጥናት የታወቀ ነው። ግሬይሰንና ናንሲ ኢቫንስ ቡሽ በ1992 50 ታሪክ ሰብስበው በሦስት ከፈሉት፦ ብርሃኑና መለየቱ ራሱ የሚያስፈራው፣ ባዶነት ውስጥ ብቻውን የቀረው፣ እሳትና አጋንንት ያየው። የመጨረሻው ከሦስቱ ጥቂቱ ነው። ቪዲዮዎቻችን ላይ ግን የሚሸጠው እሱ ነው።

#15 ሰናይት_መ

አንድ ልጨምር። «ሦስት ቀን ሞቶ ተነሣ»፣ «ሊቀበር ሲል ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነቃ» የሚሉትንስ በምን እንለያቸው?

#16 ጽኑ_ክፍል

መጀመሪያ መሞቱን ማን አረጋገጠ፣ በምን? በእጅ አንጓ የደም ሥር መፈለግ አይበቃም፤ ግፊቱ የወረደ ሰው አንጓው ላይ ምንም አይገኝም። የእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሙሉ ይጠይቃል፦ አንገት ላይ ምት የለም፣ በማዳመጫ የልብ ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ የለም፤ ከዚያ ብሌኑ ለብርሃን አይጠብም፣ ለሕመም መልስ የለም። አምስቱ ደቂቃ በከንቱ አልተመረጠችም። በ2021 የታተመ ጥናት መተንፈሻቸው የተነቀለላቸውን ሰዎች የልብ መዝገብ መርምሮ ከ480ው በ67ቱ ልብ ቆሞ እንደገና ጥቂት መምታቱን አገኘ፤ ረጅሙ ክፍተት 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ከእነሱ የተረፈ የለም።

ቀጥሎ የሰውነት ምልክት። ደም ወደ ታችኛው ጎን ወርዶ ቆዳውን የሚያጠቁረው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ መድረቁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ገደማ ከመንጋጋ ይጀምራል። ገናዦች ያውቁታል፤ የሚጠየቁት ግን እነሱ አይደሉም። «ሦስት ቀን ሞቶ ነበር» የሚባል ሰው ደርቆ ነበር? ጠቁሮ ነበር? ካልነበረ ያለው መልስ ኮማ ነው። የሚያሳስቱት የታወቁ ናቸው፦ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ሌላ መርዝ፣ የስኳር መጠን ክፉኛ መውረድ፣ ብርድ። በብርድ የተጎዳ ሰው ሳይሞቅ ሞቷል አይባልም። አና ቦገንሆልም በ1999 ኖርዌይ ውስጥ ከበረዶ ሥር 80 ደቂቃ ቆይታ ስትወጣ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ነበር፤ ልቧ ቆሟል፤ ድናለች።

#17 ቁጥር_ይናገር

ከዚያ በኋላ ሰውየውን የምትጠይቁት ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ክፍት ጥያቄ ብቻ፦ «ራስህን ስተህ ከነበርክበት ጊዜ የምታስታውሰው አለ?» ዝም በሉ፣ በድምፅ ቅዱ፣ «ብርሃን አየህ ወይ?» አትበሉ። የግሬይሰን 16 ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤተሰብ ስለ ሕክምናው ምን እንዳወራለት፣ ከእነማን ጋር እንደ ተነጋገረ ጻፉ። ነርሶቹ የመዘገቡትን ሰዓት ቃሉን ከተቀበላችሁ በኋላ እንጂ በፊት አታንብቡ፤ ካነበባችሁት ፊታችሁ መልሱን ይነግረዋል።